ዊሊያምስበርግ፦ ቀዩን ቤት ሳታዩ እንዳትመለሱ

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ዲሲን አዳርሰናታል። ሐውልት አይታ አይታ ሰልችቷት «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ማለቱን ሁሉ ትታለች። ትልቋ ልጄ በበኩሏ ስለ አሜሪካ የነፃነት ጦርነት ለትምህርት ቤት የምትጽፈው ነገር ነበራት። እናም አንድ ቅዳሜ ገና በማለዳው ሦስታችንም መኪና ውስጥ ገብተን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዊሊያምስበርግ ነዳን። ከተመለስን ጀምሮ ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር? ልጆቹን ልውሰዳቸው?» እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ እዚህ ልጻፈው።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ፦ ሂዱ። ልጅም አዛውንትም ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ቀን ይበቃል ብላችሁ ግን እንዳትነሡ፣ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። የድሮው ገዥ ቤተ መንግሥት በር ላይ ፎቶ ተነሥታችሁም እንዳትመለሱ። ኒኮልሰን በሚባለው መንገድ ላይ አንድ ቀይ የእንጨት ቤት አለ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ቦታውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ቨርጂኒያ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር በነበረችበት ጊዜና ከዚያም ጥቂት ዓመት፣ ከ1699 እስከ 1780፣ ዋና ከተማዋ ዊሊያምስበርግ ነበረች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መንግሥት ወደ ሪችመንድ ሲዛወር ከተማዋ ተረሳች፣ አረጀች። ከ1926 ጀምሮ በባለጸጋው በሮክፌለር ገንዘብ ታደሰች። ዛሬ ከ80 በላይ የዚያ ዘመን ሕንፃዎች በቦታቸው አሉ፣ የቀሩት በድሮ መሠረታቸው ላይ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ የሚባለው ይሄ ነው። ዋናው መንገድ ላይ መኪና የለም፣ የፈረስ ጋሪ ነው የሚያልፈው። ባለሙያዎቹ የዘመኑን ልብስ ለብሰው የእውነት ይሠራሉ። አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል፣ ጫማ ሰፊው ይሰፋል። እናቴ አንጥረኛው ቤት ወናፉን ስታይ ቆማ ቀረች። ከሰሉ ሲግል፣ ብረቱ ሲቀላ፣ መዶሻው ሲያርፍበት ፍንጣሪው ሲበተን ዝም ብላ ታያለች። «ይሄማ የእኛ አገር ነው» አለች፤ ከዚያ ማስወጣት አቃተን።

ይሄ ሁለተኛ ጉዞዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በአንድ አስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ መጥቼ ነበር፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሰጡንም። ሰውየው ማይክሮፎኑን ይዞ «እንግሊዞች ግፍ ሠሩ፣ አሜሪካኖች ተነሡ፣ አሸነፉ» ብሎ ጨረሰው፣ ከዚያ ወደ ገበያ አዳራሽ ወሰደን። ያኔ ታሪኩ ይሄው መስሎኝ ተመለስኩ። አሁን ሳስበው የተናደድኩት በገንዘቡ አይደለም። እዚያ ከተማ ውስጥ ሰዉ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ቤተሰብ እንዴት ሁለትና ሦስት ቦታ እንደተሰነጠቀ አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። አሜሪካኖች የሚላቸውም እንግሊዞች የሚላቸውም እኮ በዚያን ጊዜ የአንድ ንጉሥ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ምክሬ በራሳችሁ መኪና ሂዱ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በአውራ ጎዳና 95 ወርዳችሁ በ64 ትታጠፋላችሁ። መንገዱ ካልተዘጋጋ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ዓርብ ከሰዓት ከወጣችሁ ግን አልቆላችኋል። ከተማው ውስጥ መንሸራሸር በነፃ ነው። ቤቶቹ ውስጥ ለመግባት ቲኬት ያስፈልጋል። ዋጋው ስለሚቀያየር ድረ ገጻቸው ላይ እዩት። ርካሽ ነው አልልም፣ ግን በእግር የሚያዞሯችሁን አስጎብኚዎች አግኝታችሁ ቀኑን ሙሉ ከዋላችሁ ያወጣል።

የእኛ አስጎብኚ በዕድሜ ገፋ ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ረጅም ካፖርትና እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ካልሲ አድርገዋል። ሃያ የምንሆን ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበው መጀመሪያ የጠየቁን ጥያቄ ይሄ ነው፦ «አሁን 1774 ላይ ናችሁ። ለንጉሡ ታማኝ የሆነ እጁን ያውጣ።» ማንም አላወጣም። ልጄም አላወጣችም። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዓመት እዚህ ቆማችሁ ቢሆን ሁላችሁም ታወጡ ነበር፣ ጆርጅ ዋሽንግተንም ያወጣ ነበር አሉ። ጠባቸው ከፓርላማው ጋር ነው፣ በግብሩ ነው፣ ንጉሡን ገና አልካዱትም።

እናቴ ክንዴን ነካ አድርጋ «ምን አሉ?» አለችኝ። አስተረጎምኩላት። ሎያሊስት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። በአማርኛ ምን ልበለው?

«ለንጉሡ ያደሩ» አልኳት።

«አርበኞቹን የወጉ?»

«አዎ፣ አንዳንዶቹ ወግተዋል።»

«ባንዳ በይኛ!»

«አይደለም እማዬ። ባንዳ ለባዕድ ያደረ ነው። እዚህ ባዕድ የለም። ንጉሡ የሁሉም ንጉሥ ነው። የተነሡበት እነዚያ ናቸው፣ እነዚህ በድሮ መሐላቸው ጸኑ።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ከዳተኛው ማን ነው?» አለች።

ልጄ ሳቀች፣ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ይሄ ጥያቄ አብሮን ዞረ። ሽማግሌው በኋላ ሲነግሩን፣ ከነጮቹ ውስጥ ከአምስት አንዱ ወይም ትንሽ ያነሰው ለንጉሡ እንደታመነ ቀርቷል፣ የታሪክ ሰዎች ግምት እንደዚያ ነው። ብዙው ደግሞ ከማንም ሳይወግን ትምባሆውን እየተከለ ሊያልፈው የሚሞክር ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ 60,000 ያህል ሎያሊስቶች አገር ለቀው ተሰደዱ። ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ካሪቢያን። ስደት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቁጥር ተሰምቶ የሚታለፍ አይደለም።

ከዚያ ወደ ባሩድ ቤቱ ወሰዱን። ስምንት ማዕዘን ያለው የጡብ ሕንፃ ነው፣ በ1715 የተሠራ። ሚያዝያ 1775 በአንድ ሌሊት የንጉሡ ገዥ ሎርድ ደንሞር ወታደሮች ልኮ 15 ትንንሽ በርሜል ባሩድ ከዚህ ቤት አስወጥቶ መርከብ ላይ አስጫነ። ሕዝቡ ሲነቃ መሣሪያውን ይዞ አደባባይ ወጣ። ወደ ገዥው ቤት ሊሄዱ ነው። ያረጋጋቸው ማን መሰላችሁ? ፔይተን ራንዶልፍ ነው፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው። የአመፁ መሪ የሚባለው እሱ ነው፣ ሕዝቡን «ተመለሱ» ያለውም እሱ ነው። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ ቀዩ ቤት የእሱ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ያምራል። መግቢያው ላይ ግድግዳውና ጣሪያው ሥር በሙሉ ጠመንጃና ጎራዴ ተደርድሯል፣ እንደ አበባ በክብ በክብ አድርገው። ገዥው እንግዳ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያሳየው ይሄንን ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ በ1781 ሆስፒታል ሆኖ እያገለገለ ተቃጥሏል፣ አሁን የምታዩት በ1930ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው። ጓሮው ውስጥ በዚያ ሆስፒታል የሞቱ 156 ወታደሮች ተቀብረዋል። ሰው ሁሉ በዛፍ አጥር ወደተሠራው ግራ አጋቢ መንገድ (ሜዝ) ሲሮጥ እዚያ ጋ ቆም የሚል የለም። እናንተ ቁሙ። ሌላውን ግን በፍጥነት ብታልፉት ምንም አይቀርባችሁም።

የራሌይ ታቨርን ታሪክ ግን ደስ ይላል (ታቨርን የዚያ ዘመን የምግብ፣ የመጠጥና የማደሪያ ቤት ነው)። ግንቦት 1774 ላይ የምክር ቤቱ ሰዎች የእንግሊዝ ፓርላማ ወደቧን ሊዘጋባት ለነበረው ለቦስተን ከተማ አጋር ለመሆን የአንድ ቀን ጾምና ጸሎት አወጁ (እናቴ እዚህ ጋ «አበጁ» አለች)። ደንሞር ተቆጥቶ ምክር ቤቱን በተነው። እነሱም በማግስቱ ራሌይ ታቨርን ተሰብስበው የእንግሊዙን የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሻይና ሸቀጥ ላለመግዛት ተፈራረሙ። በዚያው ቀን ማታስ? ማታውን ያው ምክር ቤተኞች ለደንሞር ሚስት ግብዣ አዘጋጅተው ጨፈሩ። ዋሽንግተንም ነበረበት። ልጄ «እንዴት?» አለች። ሴትየዋን ቀድመው ጋብዘዋታል፣ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው፣ ንጉሡም ገና ንጉሣቸው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደንሞር ሴት ልጅ ሲወልድ ስሟን ቨርጂኒያ አላት። እስቲ አስቡት፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌሊት ከዚህች ከተማ ቤተሰቡን ይዞ ሸሽቶ መርከብ ላይ ገባ።

ጨዋነቱ ብዙም አልቆየም። ራሌይ ታቨርን አካባቢ እንጨት ላይ የሬንጅ በርሜልና የላባ ከረጢት ተሰቅሎ ሰዉ በዚያ ሥር ሲፈርም የሚያሳይ የዘመኑ ሥዕል አለ። ካልፈረምክ ሬንጁን ቀብተው ላባውን ያለብሱሃል ነው ነገሩ። በ1777 ደግሞ ሕግ ወጣ። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ነፃ ወንድ ሁሉ ንጉሡን ክዶ ለቨርጂኒያ ይማል ተባለ። ያልማለ መሣሪያውን ይቀማል፣ አይመርጥም፣ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ አይችልም፣ መሬት አይገዛም። ዳኛው ፊት ቆሞ እጁን ማንሳት ያቃተው ሰው የግድ ክፉ አይደለም። አንዱ ቄስ ነው፣ ለንጉሡ ምሏል። አንዱ ነጋዴ ነው፣ ሸቀጡ የሚመጣለት ከግላስጎው ነው።

ምሳ ከታቨርኖቹ በአንዱ በላን። የኦቾሎኒ ሾርባ አላቸው፣ የሚታወቁበት ነው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፋጭ። ልጄ ወደደችው፣ እናቴ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «በርበሬ ቢገባበት ሹሮ ይሆን ነበር» ብላ ወደ እኔ ገፋችው። እኔ ሁለቱንም ጨረስኩ። ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ ሰው ይበዛል። ለእናቴ የመኪናው በረዶ ሳጥን ውስጥ ፍርፍር ይዤ ስለነበር ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ በላች፣ ማንም ምንም አላላትም። አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ እንደዚሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ቀዩ ቤት።

ሲያዩት ብዙ አይገርምም። ሰፊ፣ ረጅም፣ ደም የመሰለ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው። ውስጡ ወለሉ ይንቋቋል፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ነው። ፔይተን ራንዶልፍ እዚህ ይኖር ነበር። አንድ ወንድም አለው፣ ጆን። ጆን የቨርጂኒያ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የተማረ፣ ቫዮሊን የሚጫወት። ሁለቱም ለንደን ሕግ ተምረዋል፣ ሁለቱም የአባታቸውን ሥራ ወርሰዋል። ነገሩ ሲከር ፔይተን ከአመፀኞቹ ጋር ቆመ፣ ጆን ከንጉሡ ጋር። በ1775 ጆን ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ቫዮሊኑን በ13 ፓውንድ ለአጎቱ የልጅ ልጅ ሸጠው። የገዛው ቶማስ ጀፈርሰን ነው፣ በኋላ የነፃነት አዋጁን የጻፈው። ጆን ከሄደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት ላይ፣ ፔይተን ፊላደልፊያ ኮንግረስ ላይ እንዳለ ድንገት ሞተ። ወንድማማቾቹ ዳግም አልተያዩም።

የጆን ልጅስ? ኤድመንድ ይባላል፣ ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነው። አባቱ እንግሊዝ ሲሄድ እሱ ቀረ። ቀርቶም የዋሽንግተን ረዳት መኮንን ሆነ፣ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ የመጀመሪያው ዐቃቤ ሕግ። አባትየው የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ፣ ልጁ የአዲሱ አገር ዐቃቤ ሕግ። የአጎቱን አስከሬን ከፊላደልፊያ ያመጣውም እሱ ነው።

ሽማግሌው ይሄን ተናግረው ጨርሰው ዝም አሉ። ከዚያ ከዋናው ክፍል ወደ ጓሮ አወጡንና ማድ ቤቱ ጋ አቆሙን። እዚህ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው ነበረች አሉ። ስሟ ኢቭ ነው። የፔይተን ሚስት የቤቲ የቅርብ አገልጋይ፣ በባርነት የተያዘች። ፔይተን ሲሞት 27 ሰዎች ዊሊያምስበርግ ቤት ውስጥ ከወንበርና ከሳህን ጋር ተቆጥረዋል።

እናቴ «ኢቭ ማለት ሔዋን አይደለም?» አለች። ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ሔዋን ብቻ ነው የምትላት።

ሔዋን ሄደች። ጌቶቿ ስለ ነፃነት ሲያወሩ ምግብ እያቀረበች ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ነፃነት እንግሊዞች ጋ እንዳለ ስትሰማ ወደ እንግሊዞች ሄደች። በኋላ ተመለሰች፣ ወይም መለሷት። በ1781 እንግሊዞች እንደገና ሲመጡ ልጇን ጆርጅን ይዛ ደግማ ሄደች። ቤቲ ኑዛዜዋ ላይ መጀመሪያ ሔዋንን ለዘመዷ ሰጥታ ነበር። ቆይቶ ግን በጠባይዋ መክፋት ምክንያት ሸጫታለሁ ብላ አስተካከለችው። ጠባይ መክፋት የተባለው ነፃ ልሁን ማለቷ ነው። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

እንግዲህ ይሄ አንድ ቤት ነው። አንዱ ወንድም ለኮንግረስ፣ አንዱ ለንጉሥ፣ ማድ ቤት ያለችው ለራሷና ለልጇ። ባለፈው የመጣሁበት አውቶቡስ በዚህ ቤት ፊት ለፊት አልፎ ሄዷል።

ከጓሮው ስንወጣ እናቴ አጥሩ ጋ ቁጭ አለችና ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። አያቴ ጎጃም ውስጥ በጣሊያን ጊዜ ዱር የገባ አርበኛ ነበር፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ፎቶው ሳሎን አለ። ታናሽ ወንድም እንደነበረው ግን አላውቅም ነበር። እሱ ለጣሊያን መንገድ ሥራ ገብቶ ደመወዝ ይቀበል ነበር፣ በዚያም ደመወዝ እናታቸውን ያበላ ነበር። ዱር ያለው ልጅ ሌሊት ተደብቆ ሲመጣ እናታቸው የምታቀርብለት እህል በዚያኛው ልጅ ብር የተገዛ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለቱ በአንድ ገበታ አልበሉም። «እሱን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፣ ባንዳው ነው የሚሉት» አለችኝ። የጣሊያንና የዚህኛው ነገር አንድ አይደለም፣ እኛ የመጣብን ወራሪ ነው። እሷም ታውቃለች። ግን ሰማንያ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ያልተወራ ስም ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቀይ ቤት ጓሮ ላይ ተነሣ። ልጄ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ አለ፣ ለእኛ ለየት ያለ። ደንሞር መርከብ ላይ ሆኖ ኅዳር 7 ቀን 1775 አዋጅ ፈረመ። የአመፀኞች ንብረት የሆኑ ባሪያዎች ሁሉ መጥተው ለንጉሡ መሣሪያ ካነሡ ነፃ ናቸው አለ። ልብ በሉ፣ የአመፀኞቹ ብቻ ናቸው፣ ለንጉሡ የታመኑ ጌቶች ባሪያዎች ባሉበት ይቆያሉ፣ የደንሞር የራሱም እንደዚሁ። ሰዎቹ ግን በጀልባ፣ በእግር፣ በሌሊት መጡ። ከእነሱ የተቋቋመው ጦር ስሙ ማን ተባለ? የኢትዮጵያ ሬጅመንት።

ሽማግሌው ይሄን ቃል ሲሉ እናቴ ሳላስተረጉምላት ቀና አለች። «ኢትዮጵያ አሉ?»

አሉ። የእኛ አገር ሰዎች አልነበሩም። በዚያ ዘመን ፈረንጆች ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግሪክ ወስደው ጥቁር ሰውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ነበር። የእነዚህ አባቶች የመጡት ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከአንጎላ ነው። ደረታቸው ላይ «ነፃነት ለባሪያዎች» የሚል ጽሑፍ እንደነበረ የጊዜው ጋዜጣ ጽፏል። ታኅሣሥ ላይ ግሬት ብሪጅ በሚባል ቦታ ተዋግተው ተሸነፉ። ከዚያ ፈንጣጣ ገባ። ከጥይት ይልቅ ፈንጣጣው ጨረሳቸው። በ1776 ነሐሴ ላይ ደንሞር ቨርጂኒያን ለቆ ሲሄድ በሕይወት አብረውት የወጡት ወደ 300 ገደማ ናቸው። በአገራችን ስም ተጠርተው ለራሳቸው ነፃነት የሞቱ ሰዎች ናቸው። እኛ እዚህ አካባቢ ይሄን ያህል ሰው ሆነን ስንኖር ስለነሱ አለማወቃችን ከነከነኝ። ልጆቻችሁን ለዚህ ብቻ ብላችሁ ውሰዱ።

ሩቅ አገር አይደለም፣ ሰፈራችን ነው ጉዳዩ። ማውንት ቨርነን ከአሌክሳንድሪያ 20 ደቂቃ አይፈጅም፣ እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምንወስድበት ቦታ ነው። የዋሽንግተን ፈረስ ጠባቂ የነበረ፣ ጋምቢያ አካባቢ ተወለደ የሚባል ሃሪ የሚሉት ሰው በ1776 ከዚያ ጠፍቶ ከእንግሊዞች ጋር ሆነ። በ1783 ከኒውዮርክ በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄደ፣ በ1792 ከ1,000 ከሚበልጡ ጥቁሮች ጋር ወደ ሴራሊዮን ተሻግሮ ፍሪታውንን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እዚያም የመሬት ግብር በዛብን ብለው ከተነሡት ጋር ተነሥቶ በ1800 ተጋዘ። መዝገብ ላይ ስሙ ሃሪ ዋሽንግተን ነው። ልጄ ለትምህርት ቤት የጻፈችው በመጨረሻ ስለ እሱ ነው።

በ1781 ደግሞ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ማውንት ቨርነን ፊት ለፊት ወንዙ ላይ ቆመ። 17 ሰዎች ከባርነት አምልጠው ተሳፈሩ። ቤቱን የሚጠብቀው ሉንድ ዋሽንግተን፣ ዘመዱ ነው፣ ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ ለመርከቡ ስንቅ ሰጠ። ጆርጅ ዋሽንግተን ይሄን ሲሰማ ቤቴን ቢያቃጥሉት ይሻለኝ ነበር ብሎ ጻፈለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዊሊያምስበርግ አጠገብ ባለችው ዮርክታውን ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ እጁን ሲሰጥ፣ ካመለጡት አንዳንዶቹ ተይዘው ተመለሱ።

ፌርፋክስ የምትኖሩም አላችሁ። የስሙ ባለቤቶች ቤተሰብ ውስጥ ብራያን ፌርፋክስ የሚባል የዋሽንግተን ጓደኛ ነበር። አመፁን አልደገፈም። ለዋሽንግተን በግልጽ ጻፈለት፣ ዋሽንግተንም በግልጽ መለሰለት፣ ግን አልተጣሉም። በኋላ አሌክሳንድሪያ ክራይስት ቸርች ካህን ሆነ፣ ዋሽንግተን መቀመጫ በነበረው ቤተ ክርስቲያን። በዚያ በኩል በየሳምንቱ እነዳለሁ፣ አሁን ባለፍኩ ቁጥር እሱ ይታወሰኛል።

ስለ ዕቃው ትንሽ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ የጡብና የጠጠር መንገድ ነው። በበጋ ከሄዳችሁ ጃንጥላና ውሃ አትርሱ፣ የዚያ አካባቢ ሙቀት እርጥብ ነው። መጸዳጃው ንጹሕ ነው፣ አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ፣ እናቴ በ74 ዓመቷ ቀኑን ሙሉ ዋለችበት። አንዳንድ ቤት ደረጃ ስላለው ጉልበት ለሚያማት እናት ከታች መቆየት ይሻላል። ዮርክታውንን በዚያው ቀን እጨምራለሁ አትበሉ፣ ሌላ ቀን ሂዱ።

ከመመለሳችን በፊት መንገዱ ጫፍ ላይ ወዳለው ኮሌጅ ገባን፣ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ። ሬን በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ጆን ራንዶልፍ በ1784 እንግሊዝ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑን ግን ወደዚህ አመጡት። አሁን አባትየውም፣ ፔይተንም፣ ጆንም በዚያች ጸሎት ቤት ወለል ሥር ናቸው፣ አንድ ላይ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ገባች፣ አማተበች፣ ወለሉን እያየች ቆመች።

«ሔዋንስ የት ተቀበረች?» አለች።

ጸሎት ቤቷን ለማየት ክፍያ የለም። ቅዳሜ ግን ሰርግ ስለሚበዛባት ቀድማችሁ ደውሉ፣ እኛም ሙሽሮቹ እስኪወጡ ግማሽ ሰዓት ደጅ ቆመናል።